የ«ቱ» እና የ«ኢንግ» ነገር፦ የእንግሊዝኛ ግሥ ተሳቢዎች ከታሪክ አንጻር

በምሥራቅ ወለጋ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ኪራሙ ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪዎች ለረዥም ዘመን ጎን ለጎን የኖሩበት ወረዳ ነው። የአካባቢው ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ መከታተል ይጠበቅበታል። በዚህ ጊዜ ከሚያደናቅፉት የሰዋስው ነጥቦች አንዱ የግሥ ተሳቢ ሆኖ የሚገባው ሌላ ግሥ ነው። ይኸውም «ፈለገ» ለማለት ከሚያገለግለው «ዎንት» ቀጥሎ «ቱ ሪድ» ሲባል፣ «ጨረሰ» ለማለት ከሚያገለግለው «ፊኒሽ» ቀጥሎ ግን «ሪዲንግ» ይባላል። ፊተኛው ኢንፊኒቲቭ፣ ኋለኛው ጀረንድ በመባል ይታወቃል። የተለመደው አቀራረብ የግሦቹን ዝርዝር በቃል ማስጠናት ነው። ይሁን እንጂ ልዩነቱ የራሱ ታሪክ ያለው ከመሆኑም በላይ፣ ተማሪው ከቤቱ ይዞት የመጣው ቋንቋ መንገዱን ያመለክተዋል።

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤቶቻችን ዋና ስፍራ የያዘው በቅርብ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ቢሰጥም የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያነቱን ቀጠለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በበኩሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ አድርጎ፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደነገገ። በኦሮምኛ እስከ 8ኛ ክፍል የተማረ ልጅ እንግሊዝኛን የሚያገኘው ስምንት ዓመት በራሱ ቋንቋ አስቦ ነው። ይህም ለሰዋስው ትምህርት የሚጠቅም ሀብት ነው።

ወደ ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ታሪክ ስንመለስ፣ «ቱ» በጥንት ዘመን አቅጣጫን የሚያሳይ መስተዋድድ ሲሆን፣ ከግሥ በወጣ ስም ላይ ሲገባ ዓላማን ያመለክት ነበር። «ኢንግ» ግን ከግሥ ስም የሚመሠርት ቅጥያ ስለ ነበር ድርጊቱን እንደ አንድ ነገር ይሰይማል። የዚህ አመጣጥ አሻራ እስከ ዛሬ አልጠፋም። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ድዋይት ቦሊንጀር እ.ኤ.አ. በ1968 ልዩነቱን ገና በሐሳብ ባለና በእውን በሚታይ ድርጊት መካከል ያለ ልዩነት አድርገው ገልጸውታል።

ይኸው ልዩነት በአማርኛም አለ። «ሊያነብ ፈለገ»፣ «ሊያነብ ወሰነ»፣ «ሊያነብ አቀደ» እንላለን፤ «ሊያነብ ጨረሰ» ወይም «ሊያነብ ተወ» ግን አንልም፤ «ማንበብ ጨረሰ»፣ «ማንበብ ተወ» እንላለን እንጂ። «ሊ» የሚቀበሉት ግሦች በእንግሊዝኛ «ቱ»ን፣ የማይቀበሉት ደግሞ «ኢንግ»ን መውሰዳቸውን ልብ ይሏል። በኦሮምኛም «ዴሙፍ ሙርቴሴ» (ለመሄድ ወሰነ) ሲባል ወደ ፊት የሚያመለክተው «ፍ» ከግሡ ስም ላይ ይጨመራል፤ «ዱቢሱ ጡሙሬ» (ማንበብ ጨረሰ) በሚለው ግን አይገባም። ተማሪን ግራ የሚያጋባው «ስቶፕ» የተባለው ግሥም በዚሁ ይፈታል፤ ከ«ኢንግ» ጋር «ማጨስ አቆመ»፣ ከ«ቱ» ጋር «ለማጨስ ቆመ» ማለት ነውና።

መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ የስያሜ ችግር አለ። የውጭ አገር ሰዋስው ጸሐፊዎች «በልቶ»፣ «ሄዶ» የሚለውን የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ «ጀረንድ» ብለው ሲጠሩት ኖረዋል። የእንግሊዝኛው ጀረንድ ግን የሚቀርበው «መብላት»፣ «መሄድ» ለሚለው አርእስት ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ብቻ ሁለቱን የሚያመሳስል ተማሪ ትርጉሙን ያፋልሳል።

እርግጥ የ«ሊ» መፈተኛ ለሁሉ አይበቃም። ሐሳብ ማቅረብን የሚያመለክተው «ሰጀስት» ወደ ፊት እያመለከተ «ኢንግ»ን ይወስዳል፤ «ጀመረ» ለማለት የሚያገለግለው «ቢጊን» ደግሞ ሁለቱንም ይቀበላል። እንዲህ ያሉት በልምምድ ይያዛሉ፤ ነገር ግን የሚሸመደደው ዝርዝር በእጅጉ ያጥራል። ስለዚህ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ነጥቡን ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር አነጻጽረው ቢያቀርቡት፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም የኦሮምኛን፣ የአማርኛንና የእንግሊዝኛን ሰዋስው ጎን ለጎን ቢያስተምሩ መልካም ነው። የኪራሙ ተማሪ እንግሊዝኛን የሚያውቅበት አጭሩ መንገድ በሚያውቀው ቋንቋ በኩል ያልፋልና።