የአክስቴ ሠርግ ስንተኛው ካሴት ላይ ነው?

መሐል ሜዳ ወይ ዓለም ከተማ ዘመድ ያለው አዲስ አበቤ ቤቱ ውስጥ አንድ ካርቶን አያጣም። የቪኤችኤስ ካሴት፣ ሲዲ፣ ፍላሽ… ሠርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ተዝካር። ይህን ጉድ በኮምፒዩተር መዝግባችሁ ለመያዝ ሶፍትዌር እያማረጣችሁ ከሆነ ትንሽ ታገሡኝ፤ መጀመሪያ ወደ ኋላ እንመለስ። የመንዝና ግሼ፣ የመርሐቤቴም አገር ከቪዲዮ በፊት በፊልም ተቀርጿልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ፤ ምሁራን ኢኤምኤምኤል ይሉታል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባበሩበት። አብዮቱ መጣ፣ ሥራው ግን ቀጠለ። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሡ፤ ከሸዋ አድባራት የተገኙት ብዙ ናቸው።

ፊልም ማንሣቱ ግን የቀለለው ሥራ ነበር። ጥቅልል ፊልም መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ውስጡ ምን እንዳለ ካልታወቀ ምን ይረባል? ዊልያም ማኮምበር የመጀመሪያውን የካታሎግ ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1975 አወጣ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ጌታቸው ኃይሌ የተባሉ የሸንኮራ ተወላጅ ምሁር ሊይዟቸው በመጡ ወታደሮች በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በተሽከርካሪ ወንበር ኮሌጅቪል ደረሱና ያን የፊልም ክምር ማንበብ ያዙ። አሥረኛው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲወጣ ካታሎጉ 5,000ኛው ቁጥር ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2021 አረፉ። ሃያ ዓመት ያህል ለ5,000! እኛ አርባ ካሴት ሰነፍን።

አሠራራቸውን ልብ በሉ። እያንዳንዱ ብራና አንድ ተራ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ስለ ይዘቱም ስለ ዘመኑም ምንም አይናገርም። ዘመኑ ተሳስቶ ቢገኝ ቁጥሩ አይነካም ማለት ነው። እናንተም ካሴቱን «ሠርግ 85» አትበሉት፤ «17» በሉት። ሌላው በመዝገቡ ውስጥ በዝርዝር ይግባ።

አሁን ወደ ሶፍትዌሩ። ሙቪ ኮሌክተርን የመሰሉት ለሆሊውድ ዲቪዲ ሰብሳቢ የተሠሩ ናቸው። የፊልሙን ርዕስ ወይም ባርኮድ ስትሰጧቸው የተዋናዮቹን ስም ከኢንተርኔት ያመጣሉ። የአክስቴን ሠርግ ከየት ያመጡታል? በሊኑክስ የሚሠራው ነጻው ቴሊኮ ይሻላል፤ የራሳችሁን ዓምድ መፍጠር፣ መዝገቡንም አውጥታችሁ ወደ ሌላ ፕሮግራም መውሰድ ያስችላል። እውነቱን ለመናገር ግን ለአርባ ካሴት ኤክሴል ይበቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ በሦስት ነገር ፈትኑት። አንደኛው ቀን ነው። «መጋቢት 1985» ብላችሁ ብትጽፉ የፈረንጁ ሶፍትዌር ሠርጉን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ በፈረንጅ 1993 ነበር። ሁለተኛው ስም ነው። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ዓምድ ጌታቸውን ትቶ ኃይሌን ይዞ ይሄዳል። ፊደሉም አለ፦ «ኃይሌ»ን በ«ሀ» የፈለገ አያገኘውም። በቪዥዋል ግዕዝ ዘመን የተየባችሁት ዝርዝር ካለ ደግሞ ዛሬ ወደ ዩኒኮድ ካልተቀየረ የሚነበብ አይደለም።

ሦስተኛው ቦታ ነው፤ እኔ በጣም የምፈራው እሱን ነው። ፊልሞቹ ሲነሡ መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ ነበር። ዛሬ መንዝ ጌራ፣ መንዝ ማማ፣ መንዝ ላሎ፣ መንዝ ቀያ፣ ግሼ… እያለ በወረዳ ተከፋፍሏል። በወረዳ ስም ብቻ የፈለገ ሰው በአውራጃ ስም የተመዘገበውን ያልፈዋል። ስለዚህ ሁለት ዓምድ ያስፈልጋል፦ የያኔው ስምና የዛሬው።

ከሁሉ በፊት የሚሞላው ዓምድ ግን ሶፍትዌሮቹ ውስጥ የለም፤ ራሳችሁ ጨምሩት። «ማን ነገረን?» የሚል። ብራና ሲሆን የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ኅዳጉ ላይ ይገኛል። ካሴት ላይ ኅዳግ የለም፤ ከሙሽራዋ ኋላ ጋቢ ደርበው የቆሙትን አዛውንት የምታውቃቸው አያታችሁ ብቻ ትሆናለች።

ማጫወቻውም እንዳይረሳ። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። መርካቶ ያገለገለ ካገኛችሁ ዋጋ አትከራከሩ።