የተነገረን ታሪክ ዳግመኛ ስለ መናገር

ከቦንጋ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በማንኪራ ደን ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው በዱር ይበቅላል፤ የከፋም ሰው የቡና ሁሉ እናት ከዚህ ናት ይላል። ነገር ግን ስለ ቡና መገኘት የሚተረከው የእረኛው ታሪክ በአውሮጳ መጀመሪያ ሲጻፍ ከፋ አልተነሣችበትም። ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለው ማሮናዊ ሊቅ በ1671 እ.ኤ.አ. በሮማ ባሳተመው መጽሐፍ እረኛውን ያኖረው በዐረብ አገር ነው፤ ስሙንም አልጠራውም። ካልዲ የሚለውን ስምና ኢትዮጵያን የጨመሩት፣ ከእርሱ በኋላ ታሪኩን እየመላለሱ የተናገሩት ናቸው።

እንግዲህ አንድን ታሪክ ዳግመኛ መናገር ጥቅሙ ምንድር ነው? ከአንድ ጀበና የሚቀዳው ቡና አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ቀጠን ያለ፣ በረካው ደግሞ ይበልጥ የቀጠነ እንደ ሆነ ሁሉ፣ የታወቀ ፊልም ተመልሶ ሲሠራም እንዲሁ እየቀጠነ ይሄዳል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ፍርዱ ግን ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑን ከሲኒማ ታሪክ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

አሜሪካዊው አዘጋጅ ሲሲል ደ ሚል «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም በ1923 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳየ። ፊልሙ ሁለት ክፍል ነበረው። የፊተኛው እስራኤል ከግብፅ መውጣታቸውን ሲያሳይ፣ የኋለኛው በዘመኑ የነበሩ የሁለት ወንድማማቾችን ኑሮ ይተርካል፤ አንደኛው ሐቀኛ አናጢ ሲሆን፣ ሁለተኛው በተበላሸ ሲሚንቶ ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ሕንፃው ሲፈርስ እናቱን የገደለ ሥራ ተቋራጭ ነው። ለፊልሙ በካሊፎርኒያ አሸዋ ላይ የታነጸው የፈርዖን ከተማ ከሥራው በኋላ እዚያው ተቀበረ፤ ቅሪቱም የተገኘው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው።

ደ ሚል ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሸመገለ ጊዜ፣ ወደዚያው ታሪክ ተመለሰ። በ1954 እ.ኤ.አ. በግብፅ ሲሠራ ልቡን ታመመ፤ ቢሆንም ሥራውን አልተወም። አዲሱ ፊልም በ1956 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ርዝመቱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። አዘጋጁ በ1959 እ.ኤ.አ. ስላረፈ እርሱ ራሱ ያዘጋጀው የመጨረሻ ፊልም ሆኖ ቀረ።

ልብ ልንለው የሚገባን ግን ርዝመቱን ወይም ቀለሙን አይደለም። ደ ሚል የወንድማማቾቹን ታሪክ ፈጽሞ ጥሎ፣ ፊተኛው ፊልም ያለፈውን የሙሴን የወጣትነት ዘመን በጥንታውያን መጻሕፍት ውስጥ ፈለገ። በዚህም ምክንያት ኢትዮጵያ ወደ ታሪኩ ገባች። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ፍላቪዮስ ሙሴ ወደ ኢትዮጵያ መዝመቱንና ታርቢስ የተባለችውን ልዕልት ማግባቱን ጽፏል፤ ኦሪት ዘኍልቍም በምዕራፍ 12 የሙሴን ኢትዮጵያዊት ሚስት ታነሣለች። በአዲሱ ፊልም ሙሴ ከዘመቻው ሲመለስ የኢትዮጵያን ንጉሥና እኅቱን ታርቢስን በፈርዖን ፊት የሚያቀርባቸው እንደ ምርኮኛ ሳይሆን እንደ ወዳጅ ነው።

ይህ የሚያስመሰግነው ነው፤ ጉድለቱንም መሸፈን አይገባም። ትዕይንቱ የጥቂት ደቂቃ ነው። ንጉሡን ሆኖ የሚታየው ዉዲ ስትሮድ አሜሪካዊ ነው፤ ጋብቻውም በፊልሙ አልተነገረም። አዘጋጁ በሩን ከፈተ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ታሪክ በሌላው እጅ ሲሠራ ኢትዮጵያ እንግዳ ሆና ገብታ እንግዳ ሆና ትወጣለች።

ስለዚህ ተመልሶ የሚሠራ ፊልም መመዘን ያለበት ፊተኛውን በመምሰሉ ሳይሆን፣ ፊተኛው የተወውን በማምጣቱ ነው። በአገራችንም ሲኒማ ጀማሪዎች የሆኑ ሥራዎች አሉ። «ሒሩት አባቷ ማነው?» በ1957 ዓ.ም.፣ የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም. ታይተዋል። እነዚህን የሚመረምርና ያልተናገሩትን የሚጨምር አዘጋጅ ቢነሣ፣ ቶናው ከአቦሉ የማይቀጥንበት ጊዜ ይኖራል። መምህራንም ተማሪዎቻቸውን ወደ ማንኪራና ወደ ሌላውም ስፍራ ልከው ከሽማግሌዎች የሰሙትን እንዲጽፉ ቢያደርጉ መልካም ነው፤ ስማችን ያልተነሣበትን ታሪክ ዳግመኛ ለመናገር በቅድሚያ የራሳችንን ማወቅ ያስፈልጋልና።