ተጠቃሚ ልየታ (ለስደት ተመላሾች)
አነስተኛ የመቋቋሚያ ድጋፍ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን ነው። በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ በሐይቅና በአጎራባቹ አምባሰል፣ ጉዳዩ በተለይ ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሱትን ይመለከታል። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚያ ተመልሰዋል።

ከስደት መመለስ ብቻውን መስፈርት አይሆንም። በሥራ ውል የሄደች የቤት ሠራተኛና በጅቡቲና በየመን በኩል ባሕር የተሻገረ ወጣት ችግራቸው ይለያያል። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ የቀረባት ሴት ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) ብቻ ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ፓስፖርት የግድ ነው ማለት ይበልጥ የተጎዳችውን ከበር መመለስ ነው። የቀበሌ ማስረጃና የጎረቤት ምስክርነት ሊበቃ ይገባል። በሬውን ሸጦ፣ ተበድሮ ልጁን የላከና ዕዳውን ገና ያልከፈለ ቤተሰብም፣ ልጁ ባይመለስም እንኳ፣ ከዝርዝሩ መውጣት የለበትም።