ከግብር አዳራሽ እስከ ቡፌ

በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ የእንግዳውን ቦታና ተራ የሚወስነው ማዕረግ ነበር፤ መኳንንቱ ቀድመው ይታደማሉ፤ ወታደሩ ተራውን ጠብቆ ይገባል። መብሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ቢቀርብም ገበታው የሥልጣን መሰላል ነበር።

«ቡፌ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በለገሃር የተከፈተው ቡፌ ደ ላ ጋር ስሙን ከከተሜው ጆሮ ጋር አላመደው። ቃሉም በአማርኛ ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ ይኸውም ሳህንና ብርጭቆ የሚደረደርበትን ባለመስተዋት ቁም ሣጥንና እንግዳው ራሱ እያነሣ የሚመገብበትን ገበታ ነው።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የጅቡቲ ባቡር መስመር ከሰበታ ይነሣል። በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ፣ ለክርስትና ወይም ለምረቃ ድግስ ቡፌ ሲዘረጋ ሳህኑ ከመነሻው ይቆለላል፤ የተጠቀለለ እንጀራ ይከተላል፤ የጾሙና የፍስኩ ወጥ፣ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ በየፊናው ይቀመጣል። በሰልፉም ሹሙና የቀን ሠራተኛው እኩል ሳህን ይይዛሉ።

ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ከማዕረጉ ጋር ጉርሻውም አብሮ እንዳይቀር ያሠጋል። ስለዚህ ለአረጋዊው ከተቀመጠበት ይቅረብለት፤ ባለቤቱም ከገበታው ራስ ቆሞ «አፈር ስሆን፣ ጨምሩ» ይበል። ይህ ከቀረ ቡፌው የምግብ ቤት እንጂ የቤት ገበታ አይሆንም።