ዝሊን 526 «አክሮባት»
የአየር ላይ ትርኢት አውሮፕላን፣ ቼኮስሎቫኪያ፣ ኦትሮኮቪትሴ
ሞተር፦ ዋልተር ሚኖር፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 160 የፈረስ ጉልበት

እ.ኤ.አ. በ1960 ብራቲስላቫ ላይ የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም የአየር ላይ ትርኢት ሻምፒዮና አሸናፊ የበረረው በዝሊን ነበር። የዝሊን አውሮፕላኖችን ቤተሰብ ድክመት ያጋለጠው ደግሞ የሰኔ 3 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) አደጋ ነው።

ብሪታንያዊው ሻምፒዮን ኒል ዊሊያምስ በሃላቪንግተን አየር ማረፊያ ለውድድር ሲለማመድ የዝሊኑ የግራ ክንፍ ወደ ላይ መታጠፍ ጀመረ። ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ስለተረፈ የቡልጋሪያ አብራሪ ሰምቶ ስለነበር አውሮፕላኑን ገለበጠው፤ ክንፉም ወደ ቦታው ተመለሰ። የጠፋውን ሞተር አስነስቶ፣ እንደተገለበጠ ወደ ሜዳው ቀረበ። መሬት ሊነካ ሲል ቀና አድርጎት በሆዱ አሳረፈው፤ በሕይወትም ወጣ።

ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይመልከቱ። በቀና በረራ አየሩ ክንፉን ወደ ላይ ስለሚገፋ የታችኛው ተሸካሚ ብረት ይሳባል፣ የላይኛው ይጨመቃል። በዊሊያምስ አውሮፕላን የተሰበረው የታችኛው ነበር። ሲገለበጥ ግን ጭነቱ ስለሚገለበጥ ስብራቱ ተገጣጠመ።

መንስኤው የብረት ድካም ነው፦ በተደጋጋሚ ጭነት የሚያድግ፣ ከውጭ በቀላሉ የማይታይ ስንጥቅ። አንድ ሰዓት የትርኢት በረራ ክንፍን ከአንድ ሰዓት ተራ በረራ እጅግ አብልጦ ያደክማል። ስለዚህ እንዲህ ያለ አውሮፕላን ሲፈተሽ ስንት ሰዓት እንደበረረ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደበረረም ይጠየቃል።