ታቃፊቱ ዶሮ፤ የመንዝ ደጋና የዶሮ ማሻሻያ ታሪክ

ስለ ኢትዮጵያ ዶሮ እርባታ ሲጻፍ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው የውጭ ዝርያ ከገባበት ዘመን ነው። ነገሩ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል። በትግራይ ምሥራቃዊ ክፍል፣ መዝበር በተባለ ሥፍራ በቁፋሮ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከ2,500 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተረጋግጧል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጫጩት የሚፈለፈለው በዶሮ እቅፍ ብቻ ነበር፤ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ጓሮም ዶሮውን ያቆየው በዚሁ መንገድ ነው።

በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። በመንዝ ይህ ወቅት በልግ ከሚጥልበት ጊዜ ጋር በከፊል ይገጥማል፤ የጓሮው ሣር ያቆጠቁጣል፣ ትሉና ነፍሳቱም ይወጣሉ። ከዚህ ወቅት አስቀድሞ ሁዳዴ አለ። ሃምሳ አምስት ቀን እንቁላል ስለማይበላ የገበያው ዋጋ ይወርዳል፤ ለፋሲካ ግን የአውራ ዶሮ ዋጋ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በጾሙ ወራት እንቁላሉን በርካሽ ከመሸጥ ማስታቀፉ የሚያዋጣ ስሌት ነው። በበልግ የተፈለፈለ ጫጩት የሐምሌ ዶፍ ከመውረዱ በፊት ላባ ያበቅላል። ፈንግልም ዝናብ ሲገባ መበርታቱ ስለሚታወቅ ከዚያ በፊት መጠንከሩ ትልቅ ነገር ነው።

እናቲቱ ገለባ በተነጠፈበት እንቅብ ወይም በገንቦ ስባሪ ላይ፣ በቤቱ ጨለም ባለ ጥግ 21 ቀን ትታቀፋለች። ያልተፈለገች ዶሮ ለመታቀፍ ስትቀመጥ ደግሞ ሴቶች ቁልቁል በማንጠልጠል፣ ለጥቂት ቀን ወደ ጎረቤት ቤት በመውሰድ ወይም ላባ በአፍንጫዋ በማሳለፍ ጠባይዋን ያስተዋታል። ይህ ልማድ በብዙ የአገራችን ክፍሎች የታወቀ ሲሆን አንድ ቁም ነገር ያስረዳል፤ ይኸውም መታቀፍ ባለቤቲቱ እንዳስፈላጊነቱ የምትፈቅደውና የምትከለክለው ሥራ እንጂ የዶሮዪቱ ጉድለት ሆኖ አይታይም ነበር።

ሊቃውንቱ ግን እንደ ጉድለት ቆጠሩት። እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1956 ባሉት ዓመታት የጅማና የአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ኒው ሃምፕሻየር፣ አውስትራሎርፕና ነጭ ሌግሆርን የተባሉትን ዝርያዎች አስመጡ። የአገር ዶሮ በዓመት ከ30 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል ሌግሆርን በመልካም አያያዝ ከ200 በላይ ትጥላለች። ልዩነቱ በከፊል የመጣው ከዚሁ ከመታቀፍ ነው፤ የአገር ዶሮ ሦስት ሳምንት ትታቀፋለች፣ ከዚያም ሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን ስታሳድግ እንቁላል መጣሏን ታቆማለች። የሌግሆርን አርቢዎች ይህን ባሕርይ በምርጫ ከዘሯ አጥፍተውታል። በፈልፋይ መኪና ለሚሠራ ድርጅት ይህ ትርፍ ነው፤ የመንዝ ባለ ጓሮ ግን መኪናው የላትም።

ከዚያ በኋላ በየአካባቢው የተቋቋሙት የዶሮ ማባዣ ጣቢያዎች አውራ ዶሮ፣ ቄብና ለመታቀፍ የሚሆን እንቁላል ለገበሬው አከፋፈሉ። አውራው ሲሰጥ ገበሬው የአገሩን አውራዎች በሙሉ እንዲያስወግድ ይጠየቅ ነበር። ነገር ግን የፈረንጁ ዶሮ እንቁላል በገበሬው ቤት የሚፈለፈለው በአገሪቱ ዶሮ እቅፍ ነበር። ማሻሻያው የሚነቅፈውን ጠባይ ራሱ ተደግፎ መቆሙ በዘመኑ ብዙም ልብ የተባለ አይመስልም።

ለመንዝ ደግሞ የከፍታው ጉዳይ አለ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ሲሳሳ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክሲጅን ያንሳል፣ በቅርፊቱ የሚተነው ውኃም ይበዛል። ከዝቅተኛ ሥፍራ የመጣ እንቁላል በከፍታ ላይ ሲታቀፍ የሚፈለፈለው ቁጥር እንደሚቀንስ በሌሎች አገሮች በተደረጉ ሙከራዎች ታይቷል፤ በቲቤት ደጋ ለብዙ ትውልድ የኖሩት ዶሮዎች ግን ይህን ይቋቋማሉ። ወደ ዠማ ሸለቆ በሚወርደው መርሐቤቴ ጥያቄው ይቀላል፤ በመንዝ ግን ከእንቁላል ቁጥር ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር።

የእናቲቱም ሥራ እንከን የለሽ አይደለም። በአገራችን ገጠር ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በስምንት ሳምንት ውስጥ በበሽታ፣ በጭልፊትና በሸለምጥማጥ እንደሚጠፉ ይገመታል። በጅማ የተሞከረው፣ በድርቆሽ ተሸፍኖ የጫጩቶቹን የገዛ ሙቀት የሚይዘው ሣጥን ለዚህ የታሰበ ነው፤ ከሰልም መብራትም አይፈልግም። እናቲቱም ከማሳደጉ ስለምታርፍ ቶሎ ወደ መጣሏ ትመለሳለች። ይህን የመሰለ ርካሽ ዘዴ ከጅማ እስከ መንዝ ለመድረስ መዘግየት አልነበረበትም።

የመንዝ በግ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። አዋሲ የተባለው የውጭ በግ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ጣቢያዎች ለድቀላ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከመንዝ በግ መካከል አውራ እየመረጡ ማርባት ይዘዋል። በዶሮም በኩል በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2008 የሆሮን ዶሮ በምርጫ የማሻሻል ሥራ ተጀምሯል። በገበያው ግን የሚበረታው ሌላው መንገድ ነው፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የግል ድርጅቶች በመኪና የተፈለፈሉ ጫጩቶችን ለአሳዳጊዎች ይሰጣሉ፣ እነዚህም ለአንድ ወር ተኩል ያህል አሳድገው ለገበሬው ይሸጣሉ። እነዚህ ዶሮዎች አርጅተው ሲያልቁ ባለቤቲቱ ሌላ ጫጩት ለመግዛት እንደገና ገንዘብ ይዛ ትወጣለች፤ ታቃፊ ዶሮ ያላት ጎረቤቷ ግን 12 እንቁላል አስታቅፋ 21 ቀን ትቆጥራለች።