«ጃጁ» የምንላቸው፣ የአንጎላቸው ደም እና የነቀምቴ መንገድ

ነቀምቴ ውስጥ አንድ አባት የበኩር ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ሲጠሩት ቤቱ ይስቃል፡፡ ሲደጋግሙት «ጃጁ» እንላለን፡፡ በኦሮምኛው ደግሞ «ዱሉማ ነው»፣ እርጅና ነው ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል፡፡ ጊምቢም ይሁን ነጆ፣ መንዲም ይሁን ደምቢ ዶሎ ይህን ቤት የማያውቅ የለም፡፡ እኛን የከነከነን ግን ይህ ነው፤ «ጃጁ» በምትለው አንዲት ቃል ውስጥ የታጨቁትን በሽታዎች ሰው መለየት የጀመረው እንዴት ነው? እውቀቱስ ወደ ወለጋ ሲመጣ የት ላይ ቆመ?

ታሪኩ የሚነሳው ከጣሊያን ነው፡፡ (ፊታችሁን አታጥቁሩ፣ ይኼኛው ጣሊያን የለካው ጭንቅላት እንጂ መሬት አይደለም፡፡) በ1870ዎቹ፣ ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዱልን፣ አንጀሎ ሞሶ የተባለ የቱሪን ተመራማሪ የራስ ቅላቸው በአደጋ የተበሳ ሰዎችን ያጠና ነበር፡፡ አጥንት በሌለበት ቦታ አንጎል ከደም ጋር ሲመታ ከላይ ይታያል፤ የሕፃን እርግብግቢት ያየ ሰው ይገባዋል፡፡ ከሰዎቹ አንዱ በርቲኖ የሚባል ገበሬ ነው፡፡ አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል የበርቲኖ አንጎል ምት ድንገት ከፍ አለ፡፡ የክንዱ ምት ግን እንደነበረ ነው፡፡ ሞሶ «ደወሉ ጸሎት አስታወሰህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው፤ አዎ አለ፡፡ ቀጥሎ ቁጥር እንዲያባዛ ሲጠየቅ ምቱ አሁንም ከፍ አለ፡፡ ሰውየው እጁንም እግሩንም አላንቀሳቀሰም፤ አሰበ ብቻ፡፡ ማሰብ ደም ይጠራል ማለት ነው፡፡

ከዚያ በኋላ መንገዱ ረጅም ነው፡፡ በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲይመር ኬቲ እና ካርል ሽሚት ሰው ትንሽ ናይትረስ ኦክሳይድ እንዲስብ አድርገው፣ ወደ አንጎል በሚገባውና ከአንጎል በሚወጣው ደም መካከል ያለውን ልዩነት በማየት የደሙን መጠን አሰሉ፡፡ ያገኙት ግን የጠቅላላው አንጎል አንድ ቁጥር ነው፡፡ የከተማውን የውሃ ፍጆታ አውቆ የትኛው ቀበሌ ውሃ እንደጠፋበት አለማወቅ በሉት፡፡ ቀበሌውን መለየት የተቻለው በ1961 ነው፤ ዴንማርካዊው ኒልስ ላሰን እና ስዊድናዊው ዴቪድ ኢንግቫር ጨረር ባለው ክሪፕተን ተጠቅመው ደሙ የት በዝቶ የት እንዳነሰ ለኩ፡፡ በ1970 ገደማ ኢንግቫር እና ላርሽ ጉስታፍሰን ሉንድ ከተማ ላይ የማስታወስ ችሎታቸው የደከመ ሰዎችን በዚሁ ዘዴ አዩ፡፡ የደሙ ካርታ የሰውየውን ችግር ይከተላል፡፡ ዛሬ እንደምናውቀው አልዛይመር ሲሆን ደሙ በብዛት የሚቀንሰው ከጆሮ በላይና ወደ ኋላ ባለው ክፍል ነው፤ ጠባይ ቀድሞ በሚለወጥበት ዓይነት ደግሞ ግንባር ላይ፤ በደም ስር መዘጋት የመጣ ከሆነ እዚህም እዚያም እንደተጣፈ ልብስ ይሆናል፡፡

ስዊድን ለነቀምቴ ባዕድ አይደለችም፡፡ የስዊድን ሚሲዮን ያስተማራቸው ኦነሲሞስ ነሲብ በ1904 ነቀምቴ ገብተው በ1931 እስኪያርፉ ድረስ እዚያው አስተምረዋል፡፡ በ1920ዎቹም የሚሲዮኑ ሐኪም ኤሪክ ሶደርስትሮም ከተማው ውስጥ ያክም ነበር፡፡ ወደ ምዕራብ፣ የያኔዋ ሳዮ የአሁኗ ደምቢ ዶሎ፣ አሜሪካዊው ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ከሱዳን በኩል ደርሷል፡፡ በዚያ ዘመን አገሩን ካስጨነቁት በሽታዎች አንዱ ቂጥኝ ነበር፡፡ ቂጥኝ ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር አንጎል ላይ ይወጣል፤ ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት የአውሮፓ የአእምሮ ሆስፒታሎች በዚህ በሽታ የተጎዱ ሰዎች ነበሩባቸው፡፡ ስንቱ የወለጋ ሽማግሌ በዚህ ምክንያት «ጃጀ» ተብሎ እንደተቀበረ የመዘገበ የለም፡፡

ከቂጥኝ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው እንቅርት ነው፡፡ ዝናብ ያጠበው የደጋ አፈር አዮዲን ያጣል፣ ወለጋም ዝናብ አይጎድላትም፡፡ ገበያ ወጥቶ እንቅርት ያለባቸውን እናቶች ያላየ የአካባቢው ልጅ ያለ አይመስለንም፡፡ አዮዲን ያጣች ነፍሰ ጡር የልጇ አንጎል በወጉ አያድግም፡፡ የአዋቂ ሰው የታይሮይድ ዕጢ ሲደክም ደግሞ ሐሳቡ ይንቀረፈፋል፣ ይረሳል፣ ይፈዝዛል፤ ያየው ሁሉ ጃጀ ይለዋል፡፡ ይህ ግን በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ይታከማል፡፡ አዮዲን የገባበት ጨው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ያ ቀረ፡፡ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው በ2011 ነው፡፡ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኸው ነው፡፡

አሁን ወደ ፎቶው እንምጣ፡፡ ዛሬ የአንጎልን የደም ፍሰት ለማየት ቴክኒሺየም ከሚባል ጨረር አመንጪ ጋር የተቀላቀለ መድኃኒት በደም ስር ይወጋል፤ ደም ወደሄደበት ሄዶ እዚያው ይቀራል፣ ጋማ ካሜራ በጭንቅላት ዙሪያ እየዞረ ያነሳዋል፡፡ ቴክኒሺየም በየስድስት ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፡፡ አዲስ አበባ ጠዋት በ12 ሰዓት የተዘጋጀው በ6 ሰዓት ግማሹ፣ ማታ በ12 ሰዓት ሩቡ ብቻ ይቀራል፡፡ ነቀምቴ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፡፡ ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይሆን ሽማግሌው ይጓዛሉ፤ የት እንደሚሄዱ የማያስታውሱት ሰውዬ አውቶቡስ ላይ ይጫናሉ፣ ያውም መንገዱ ከተከፈተ፡፡ ከ2018 መጨረሻ ወዲህ በተነሳው ግጭት ከወለጋ መንገዶች ስንቱ ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአካባቢው ሰው ይንገራችሁ፡፡

አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ ብር ልኮ «አባባን ስካን አስነሷቸው» ሲል ደግሞ ቆም ማለት ጥሩ ነው፡፡ ፎቶው ብቻውን በሽታ አይወስንም፤ ሐኪሙ በሁለት በሽታዎች መካከል ሲያመነታ ያግዘዋል እንጂ፡፡ ከእሱ በፊት የሚመጡት የደም ምርመራ፣ የሚውጧቸው መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ዓይንና ጆሮ፣ የደም ግፊት፣ ከዚያም ተቀምጦ መጠየቅ ናቸው፡፡

መጠየቁም ራሱ ጣጣ አለው፡፡ ፈረንጅ ያዘጋጀው የማስታወስ ፈተና «ሰዓት ሳሉና አስራ አንድ ከአስር ላይ አድርጉት» ይላል፡፡ ዕድሜ ልካቸውን የፈረንጅ ሰዓት አስረው በሐበሻ ሲቆጥሩ የኖሩት አያታችን አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ ያደርጋሉ፡፡ በመጽሐፉ ስህተት ነው፤ ነጥብ ይቀነስባቸዋል፡፡